በ18 ዓመት ታዝዛ በ30 ዓመት የምትመጣ መኪና

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ በብዙ ዘመንና በብዙ ስፍራ ሲሠራ ታይቷል። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ቆጥቦ በባንክ ካኖረ በኋላ፥ በሰማይ ቀርቶ በምድርም መንገድ ያጣ ሕዝብ በአውሮፓ እምብርት ላይ ነበረ። ይኸውም ከ1949 እስከ 1990 ድረስ ራሱን የቻለ መንግሥት አቁሞ የኖረው የምሥራቅ ጀርመን ሕዝብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ አገር አንድ ሠራተኛ አዲስ አውቶሞቢል ሊገዛ ቢፈልግ፥ ትልቁ ችግር የገንዘብ ጉዳይ አልነበረም። ደመወዙ መጠነኛ ቢሆንም የቤት ኪራዩና እንጀራው ርካሽ ስለ ነበረ፥ ታግሦ የሚቆጥብ ሰው የመኪናውን ዋጋ ሊያጠራቅም ይችላል። ችግሩ የጊዜ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ያዘዘ ሰው መኪናውን የሚረከበው ከዐሥር፥ ከዐሥራ ሁለት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ሙሽራ ሳለ ያዘዛት መኪና፥ የበኵር ልጁ ተወልዶ፥ አድጎ፥ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ ጢሙ ማቀምቀም ሲጀምር ትደርስለታለች ማለት ነው።

እንዲህ ያለው መጠበቅ በሰው ኑሮ፥ በሰው ጠባይና በሰው ሒሳብ ላይ ምን እንዳደረገ መመልከት ለማንም አይጎዳም። ነገሩ ስለ መኪና ብቻ የሚነገር አይደለምና።

ተራው እንዴት ይያዝ ነበር?

አዲስ መኪና የሚያከፋፍለው የመንግሥት የሽያጭ ድርጅት ሲሆን፥ ስሙ በምሕጻር «ኢፋ» ይባላል። ይህ ስም ለኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ከምሥራቅ ጀርመን ወደ አገራችን የመጡት የጭነት መኪናዎች ይህንኑ ስም የያዙ ስለ ነበሩ፥ የዚያን ጊዜ ሾፌሮች ያስታውሱታል።

አንድ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው ወደዚህ ድርጅት ቢሮ ሄዶ ስሙን ያስመዘግባል። የሚፈልገው የመኪና ዓይነትና የተመዘገበበት ቀን በወረቀት ላይ ይሰፍርለታል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ የለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ተራው ሲደርስ ጥሪው በፖስታ ይመጣለታል። ገንዘቡን አዘጋጅቶ ይሄድና ከፍሎ መኪናውን ይረከባል። ልቡ የተመኘው ሰማያዊ ሆኖ በዚያን ቀን የተገኘው አመድማ ቢሆን፥ ቀለሙን አልወደድሁትም ብሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አይገኝም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆሞ የጠበቀ ሰው ስለ ቀለም አይከራከርም።

ነገሩን ያስተዋሉ ቤተ ሰቦች ወረፋውን እንደ እርሻ ወቅት እየቆጠሩ ይኖሩበት ጀመር። አባት ይመዘገባል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እናት ትመዘገባለች፤ ልጅ 18 ዓመት እንደ ሞላው እርሱም ይመዘገባል። መሪ ጨብጣ የማታውቅ አያት ሳትቀር ስሟ በመዝገቡ ይገባል። በዚህ ዓይነት የአንዱ ተራ ሲደርስ የሌላው እየቀረበ ይሄዳል፤ አሮጌይቱ ሳታረጅ አዲሲቱ ትመጣለች። ልጁ መኪና ይወድ እንደ ሆነና እንዳልሆነ፥ በ30 ዓመቱ በየትኛው ከተማ እንደሚኖርና ምን ሥራ እንደሚይዝ የሚያውቅ የለም። ተራው ግን ከወዲሁ መያዝ አለበት።

ከዚህም የተነሣ የምዝገባ ወረቀት ራሱን የቻለ ሀብት ሆነ። ብዙ ዓመት ያስቈጠረ ወረቀት ያለው ሰው በስውር ሊሸጠው ይችል ነበር። ገዢው የሚገዛው ብረት ወይም ጎማ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቆሞ ያሳለፈውን ዓመት ነው።

ሙሽራይቱ ማን ናት?

ይህ ሁሉ ወረፋ የሚጠበቅላት መኪና «ትራባንት» ትባላለች። የምትሠራውም በሳክሶኒያ አውራጃ በጽቪካው ከተማ ነው። ጽቪካው በአውቶሞቢል ታሪክ ስሟ ታላቅ ነው። አውግስት ሆርኽ የተባለው መሐንዲስ በ1904 ፋብሪካውን ወደዚህች ከተማ አመጣ። በ1909 ከሸሪኮቹ ጋር ተጣልቶ ሲወጣ እዚያው ከተማ ሌላ ፋብሪካ አቆመ። ነገር ግን በገዛ ስሙ እንዳይጠራው ተከለከለ። «ሆርኽ» በጀርመንኛ «አድምጥ» ማለት ነውና፥ ቃሉን ወደ ላቲን መልሶ «አውዲ» አለው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው የአውዲ ስም የተወለደው እንዲህ ነው።

በ1932 እነዚህ ሁለቱና ሌሎች ሁለት ፋብሪካዎች ተባብረው አንድ ማኅበር ሆኑ። አራቱ የተያያዙ ቀለበቶች የዚያ ማኅበር ምልክት ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ጽቪካው በሶቪየት ጦር ሥር ወደቀች። የፋብሪካው መኪናዎች ለጦር ካሣ ተነቅለው ተወሰዱ፤ ከባለሙያዎቹም ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው በ1949 በኢንጎልሽታት ከተማ ሥራቸውን እንደገና ጀመሩ። በጽቪካው የቀሩት ሠራተኞች በተረፈው መሣሪያ ከባዶ ማለት ይቻላል ተነሡ።

ትራባንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሥመር የወጣችው በኅዳር ወር 1957 ነው። ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሰማይ የላከችው ከአንድ ወር በፊት ስለ ነበረ፥ የመኪናይቱም ስም ከዘመኑ ወሬ ጋር ተስማማ፤ ትርጓሜው «ተከታይ» ወይም በሰማይ እንደምትዞር ጨረቃ ያለ «አጃቢ» ማለት ነውና። የመጀመሪያይቱ ባለ 18 የፈረስ ጉልበት ነበረች። በ1964 የወጣችውና ከሁሉ ይበልጥ የታወቀችው «601» የተባለችው ዓይነት ናት። ሞተሯ ሁለት ሲሊንደር ያለው፥ በአየር የሚቀዘቅዝ፥ 26 የፈረስ ጉልበት ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚቃጠል ከኋላዋ ሰማያዊ ጢስ ትለቃለች። የቤንዚኑ በርሜል ከፊት ከሞተሩ ጋር ነው። ቤንዚኑ ስንት እንደ ቀረ የሚያመለክት መሣሪያ በብዙዎቹ ላይ ስላልነበረ፥ ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ በመለኪያ ዘንግ ይለካል። ክብደቷ ከ600 ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ ፍጥነቷም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በ1957 ይህች መኪና የሚታፈርባት አልነበረችም። ለአራት ሰው ትበቃለች፤ የፊት ጎማዎቿ ይጎትቷታል፤ ዕቃ ትይዛለች፤ ለማደስም አታስቸግርም። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ከሚሠሩት ትንንሽ መኪናዎች ብዙዎቹን ትስተካከል ነበር። ነቀፋው የመጣው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳትለወጥ በመቅረቷ ነው።

ከጥጥ የተሠራ ገላ

አንባቢ «ስለምን ብዙ አድርገው አልሠሩም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የመልሱ አንዱ ክፍል በመኪናይቱ ገላ ላይ ይገኛል። ምሥራቅ ጀርመን ለመኪና አካል የሚሆን ቀጭን የብረት ቆርቆሮ አጥታ ነበር። የራሷ ማዕድን አነስተኛ ነው፤ ከምዕራብ አገር እንዳታስመጣም በአንድ ወገን የንግድ እገዳ፥ በሌላ ወገን የውጭ ምንዛሪ እጦት ከለከላት። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣውን የጥጥ ውዳቂ ከሙጫ መሳይ የኬሚካል ቅመም ጋር እየደረቡ፥ በሙቀትና በከባድ መጭመቂያ እየተጫኑ የሚጠነክር ገላ ሠሩ። ይህንንም «ዱሮፕላስት» አሉት። ዝገት አይነካውም፤ ክብደቱም ቀላል ነው። የመኪናይቱ አጽም ከብረት ሆኖ ይህ ቆዳ በላዩ ይለብሳል።

ዘዴው የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረው። የብረት ቆርቆሮ በመጭመቂያ ሥር ገብቶ ቅርጹን ይዞ የሚወጣው በጥቂት ሴኮንድ ሲሆን፥ ዱሮፕላስት ግን እስኪበስልና እስኪጠነክር ድረስ በመጭመቂያው ሥር ብዙ ደቂቃ መቆየት አለበት። አንድ በር፥ አንድ ክዳን፥ አንድ ጣሪያ በተሠራ ቍጥር ያ ጊዜ ይቈጠራል። ሥራውን ለማፋጠን ሌላ መጭመቂያ፥ ሌላ አዳራሽ፥ ሌላ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ይህም ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል።

ገንዘቡን የሚመድበው ፋብሪካው ሳይሆን መንግሥት ነበር። የመንግሥቱ ባለ ሥልጣኖች ደግሞ የግል አውቶሞቢልን ከቅንጦት የሚቆጥሩ ሆነው፥ ገንዘቡን ለቤት ሥራ፥ ለከባድ ኢንዱስትሪና ለሌላም ጉዳይ ያደርጉት ነበር። የጽቪካው መሐንዲሶች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1960ዎቹ ዓመታት ትራባንትን የሚተካ አዲስ መኪና ነድፈው ለሙከራ ሠርተው ነበር፤ በ1968 ሥራው እንዲቋረጥ ከበላይ ታዘዘ። ከዚያም በኋላ በ1970ዎቹ ዓመታት ያቀረቧቸው ሌሎች ንድፎች እንዲሁ በጅምር ቀሩ። በአገሩ የነበረው ሌላው የመኪና ፋብሪካ በአይዘናኽ ከተማ የሚገኘውና «ቫርትቡርግ» የተባለውን የሚሠራው ሲሆን፥ የእርሱም ወረፋ ከዚህ አያንስም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጽቪካው በዓመት ወደ 150 ሺህ ግድም ትራባንት ታወጣ ነበር። ከዚህም ላይ አንዳንዱ ወደ ሀንጋሪ፥ ወደ ፖላንድና ወደ ቼኮስሎቫኪያ ይላካል። የአገሩ ሕዝብ ቍጥር 16 ሚሊዮን ያህል ነው። ከመሥመሩ በሚወጣውና በሚመዘገበው መካከል ያለው ልዩነት በየዓመቱ እየተከመረ ሄደ። ወረፋ ማለት ይህ ክምር ነው።

አሮጌው ከአዲሱ ሲወደድ

የትራባንት ዋጋ እንደ ዓይነቷ ከ8 ሺህ እስከ 12 ሺህ ማርክ ግድም ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ በወር በአማካይ 1 ሺህ ማርክ ያህል ስለ ነበረ፥ ዋጋዋ ከዓመት ደመወዝ እምብዛም አይርቅም። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ የተገባ ዋጋ ነው። መንግሥትም ዋጋው እንዳይጨምር አጥብቆ ይጠብቅ ነበር።

ነገር ግን ዋጋ በአዋጅ ቢታሰር ፍላጎት በአዋጅ አይታሰርም። ያገለገለች ትራባንት በግል ሽያጭ ከአዲሲቱ በሚበልጥ ዋጋ፥ አንዳንድ ጊዜም በእጥፍ ትሸጥ ነበር። ለሌላ አገር ሰው ይህ ተረት ይመስላል፤ አምስት ዓመት የተነዳች፥ መቀመጫዋ ያለቀ፥ ቀለሟ የደበዘዘ መኪና ፋብሪካ ከወጣችው እንዴት ትበልጣለች? መልሱ ቀላል ነው። አዲሲቱ የለችም፤ አሮጌይቱ ግን በደጅ ቆማ ትታያለች። ከመንግሥት የገዛው ሰው የዋጋውን ትርፍ የከፈለው በዓመታት ነው፤ ከግል የገዛው ደግሞ በማርክ ከፈለው። ሁለቱም ከፍለዋል።

ወረፋ የማይጠብቁት

ወረፋ አንድ መልካም ነገር አለው ይባላል፤ ድኻና ሀብታም፥ ሹምና ተራ ሰው ሳይባል ሁሉንም በአንድ መሥመር ያቆማል። ይህ እውነት ሆኖ ቢሆን ኖሮ የሕዝቡ ቅሬታ ያን ያህል ባልመረረ ነበር። ነገር ግን የመሥመሩ ራስ ሁልጊዜ በሌላ በር ይገባ ነበር።

በ1956 «ገነክስ» የተባለ የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ። ሥራውም እንዲህ ነው። በምዕራብ ጀርመን ወይም በሌላ አገር ዘመድ ያለው ሰው፥ ያ ዘመዱ ከድርጅቱ መጽሔት ዕቃ መርጦ በምዕራብ ገንዘብ ይከፍልለታል፤ ዕቃውም በስጦታ ስም በምሥራቅ ላለው ይደርሰዋል። መጽሔቱ ውስጥ ትራባንት ነበረች፤ ቫርትቡርግም ነበረች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ትፈጃለች የተባለችው መኪና በዚህ በር ስትጠየቅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትገኛለች። ያቺው ፋብሪካ፥ ያቺው መኪና፥ ያው ሠራተኛ የሠራት ናት። ልዩነቱ በከፋዩ እጅ ያለው የወረቀት ገንዘብ ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ የነገሩ መራራነት ይታያል። በገዛ አገሩ ሠርቶ በገዛ አገሩ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ከኋላ ይቆማል፤ አክስቱ በሐምቡርግ የምትኖር ጎረቤቱ ግን ያልፈዋል። የመኪናይቱን በር የሚገጥመው የጽቪካው ሠራተኛ ራሱ እንደ ሌላው ሁሉ በወረፋ ውስጥ ነበር። ከፍተኛዎቹ የፓርቲ ሹማምንት ደግሞ ከስዊድን በመጣ ቮልቮ ይሄዱ ነበር። በ1978 መንግሥት ከምዕራብ ጀርመን ወደ 10 ሺህ የሚሆኑ የጎልፍ መኪናዎች ባስመጣ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ተደሰተ፤ ደስታው ግን እንደ ክረምት ፀሓይ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ዐሥር ሺህ መኪና ለዚያ ሁሉ ሰው ምን ይሆናል?

መጠበቅ ያስተማረው

ከክፉ ነገርም የሚገኝ ትምህርት አይጠፋም። መኪናውን በዐሥራ ሁለት ዓመት ያገኘ ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። ዳግመኛ ለመግዛት ሌላ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንደሚያስፈልገው ያውቃልና፥ ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት ያነዳታል። ብዙው ባለ መኪና መካኒክ ሆነ። ካርቡራተር ማጽዳት፥ ካንዴላ መለወጥ፥ ፍሬን ማስተካከል ከሐኪም እስከ መምህር የሚያውቀው ሥራ ነበር። ስለ ጥገና የተጻፉት መጻሕፍት በየቤቱ ይገኛሉ።

መለዋወጫም እንደ መኪናይቱ ብርቅ ስለ ነበረ፥ ሰው ባገኘበት ቀን ይገዛዋል። ዛሬ ያላስፈለገው የጢስ ቧንቧ የዛሬ ሦስት ዓመት ያስፈልገው ይሆናል። መኪናው ገና ያልደረሰለት ሰው ለማታውቀው መኪናው ዕቃ አስቀድሞ ሲሰበስብ ይገኝ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ይለዋወጣል፤ አንዱ ሞተር ያድሳል፥ አንዱ ቀለም ይቀባል፥ አንዱ ሥጋ ቤት የሚሠራ ወዳጅ አለው። ባልንጀርነት በዚህ ጠነከረ የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። ነገር ግን ሁሉም ሰው መለዋወጫ ደብቆ ስለሚያኖር እጦቱ ራሱ ይብስ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። አንዱ ስለ ነገ ፈርቶ ያስቀመጠው የሌላው የዛሬ ችግር ነው።

በሌላውም አገር

ይህ ነገር የጀርመኖች ብቻ አልነበረም። በሶቪየት ኅብረት መንግሥት በ1966 ከኢጣልያው ፊያት ጋር ተዋውሎ በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶልያቲ ታላቅ ፋብሪካ አቆመ፤ የመጀመሪያይቱም መኪና በ1970 ወጣች። ይህች መኪና በአገሯ «ዢጉሊ»፥ በውጭ አገር «ላዳ» ተባለች። የአዲስ አበባ ሰው ሰማያዊና ነጭ ቀለም በተቀባችው ታክሲ አሳምሮ ያውቃታል። በውጭ ገበያ የምትሸጠው ላዳ የውጭ ምንዛሪ ስለምታስገባ ቅድሚያ ነበራት፤ የሞስኮው ሰው ግን ዓመታት ይጠብቅ ነበር።

ስለዚሁ አንድ ቀልድ አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1980ዎቹ ዓመታት በንግግራቸው ይናገሩት ነበር። አንድ ሰው የመኪናውን ገንዘብ ከፍሎ «ከዐሥር ዓመት በኋላ መጥተህ ውሰድ» ይባላል። «ጧት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ?» ብሎ ይጠይቃል። «ለዐሥር ዓመት ምን ልዩነት አለው?» ቢሉት፥ «በዚያን ቀን ጧት ቧንቧ ሠሪው ይመጣል» አለ ይባላል። ሰው በሚስቅበት ነገር ውስጥ ምን ያህል እንደ ተቸገረ ይታያል።

የካፒታል አገሮችም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አልነበሩም። እንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዕዳዋን ለመክፈል መኪናዎቿን በብዛት ወደ ውጭ ትልክ ስለ ነበር፥ የራሷ ሰዎች አዲስ መኪና ለማግኘት ዓመታት ይጠብቁ ነበር። ያገኘው ሰው ወዲያው አትርፎ እንዳይሸጣት፥ ለተወሰነ ጊዜ ላለመሸጥ ውል ይፈርም ነበር። በሕንድም እንዲሁ፥ መንግሥት የእያንዳንዱን ፋብሪካ ምርት በፈቃድ ወስኖ በያዘበት ዘመን «አምባሳደር» የተባለችውን መኪና ወይም አንድ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ብዙ ዓመት መቆየት የተለመደ ነበር።

በፈቃድ የሚጠበቅም አለ። በእንግሊዝ አገር በማልቨርን የሚገኘው የሞርጋን ፋብሪካ መኪናውን በእጅ ስለሚሠራ ደንበኞቹ ዓመታት ይታገሡት ነበር። በ1990 አንድ የታወቁ የኢንዱስትሪ ሰው በቴሌቪዥን ቀርበው ምርቱን እንዲያበዛ ሲመክሩት ፋብሪካው አልተቀበላቸውም። ነገር ግን የሞርጋን ደንበኛ መጠበቅ ቢሰለቸው መንገዱን ተሻግሮ ሌላ መኪና መግዛት ይችላል። የመጠበቅን ትርጉም የሚለውጠው ይህ ነው፤ ሌላ በር ያለው ሰው ሲጠብቅ ትዕግሥት ይባላል፤ ሌላ በር የሌለው ሲጠብቅ ግን ግዳጅ ነው።

በቅርቡም በ2021 በመላው ዓለም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2020 ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ የመኪና ፋብሪካዎች ገበያ ይቀዘቅዛል ብለው የኤሌክትሮኒክ ቺፕ ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ቺፕ ሠሪዎቹም ምርታቸውን ለኮምፒዩተርና ለቴሌፎን አዞሩት። ፍላጎት ተመልሶ ሲመጣ ጣት የምታህል ዕቃ ጠፍታ ባለ ብዙ ሺህ ዶላር መኪናዎች ሳያልቁ በየሜዳው ቆሙ። ያን ጊዜ በሀብታሞቹ አገሮችም ገዢው ወራት ጠበቀ፤ ጥቂት የተነዱ አንዳንድ መኪናዎችም ከአዲስ ዋጋቸው በላይ ተሸጡ። የምሥራቅ ጀርመን ሰው ይህን ሲሰማ የሚደነቅ አይመስለንም።

ወረፋው በአንድ ሌሊት ሲያልቅ

በኅዳር 9 ቀን 1989 ማታ የበርሊን ግንብ ተከፈተ። በዚያ ሌሊትና በተከታዮቹ ቀናት በድንበሩ በኩል ሲጎርፉ የታዩት እነዚሁ ትራባንቶች ናቸው። በምዕራብ በርሊን ያለው ሕዝብ ጣሪያቸውን በእጁ እየደበደበ በእልልታ ተቀበላቸው። ብዙ የተሳቀባት መኪና በዚያ ሌሊት የነጻነት ምልክት ሆነች።

ይሁን እንጂ ያ ደስታ የወረፋው መጨረሻ ነበር። በሐምሌ 1 ቀን 1990 የምዕራቡ ማርክ የሁለቱም አገር ገንዘብ ሆነ። ያገለገሉ የምዕራብ መኪናዎች በየመንገዱ ዳር ተኮልኩለው ይሸጡ ጀመር። በዚያው ወር 601 መሠራቷ ቀረ። ከምዕራብ ጀርመኑ ፎልክስቫገን በተገኘ ፈቃድ የተሠራ ባለ አራት ምት ሞተር የተገጠመላት አዲስ ትራባንት ወጥታ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜዋ አልፎ ነበር። ወደ 39 ሺህ ያህል ከተሠራች በኋላ፥ በሚያዝያ 30 ቀን 1991 የመጨረሻይቱ ትራባንት ከመሥመር ወጣች። ከመጀመሪያይቱ እስከ መጨረሻይቱ የተሠሩት ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

አሁን የሚታሰበው የተመዘገበው ሰው ነገር ነው። በ1978 ተመዝግቦ በ1990 ተራው ይደርሳል ብሎ የጠበቀ ሰው ስንት ነገር ትቶ ገንዘቡን አኑሮ ነበር! ልብስ ሳይቀይር፥ ወደ ባሕር ዳር ለዕረፍት ሳይሄድ፥ ወረቀቱን በሣጥን ውስጥ ደብቆ ዓመት ሲቆጥር ኖሮ፥ ተራው ሲደርስ ዕቃው ዋጋ አጣ። ትናንት በስውር በብዙ ማርክ ይሸጥ የነበረው የምዝገባ ወረቀት ከማንኛውም ብጣሽ ወረቀት ጋር እኩል ሆነ። እንደ ዓይን ብሌን ሲጠበቁ የነበሩት መኪናዎችም በየመንገዱ ተጥለው ታዩ። ዱሮፕላስት አይዝግም፤ ቀልጦም እንደገና አይሠራምና፥ የተጣለው ገላ ራሱ ሌላ ችግር ሆነ።

የፋብሪካውም ሠራተኞች መከራ ቀላል አልነበረም። በሺህ የሚቆጠሩት ሥራቸውን አጡ። ሆኖም ሙያቸው ከንቱ አልቀረም፤ ፎልክስቫገን በከተማይቱ አጠገብ አዲስ ፋብሪካ አቁሞ ከ1990 ጀምሮ መኪና መሥራት ቀጠለ። በ2020 በዚያው ፋብሪካ የመጨረሻው ባለ ቤንዚን መኪና ወጥቶ ሥራው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞረ። የመጨረሻይቱ ትራባንት ደግሞ በአውግስት ሆርኽ ስም በተሰየመው የጽቪካው ሙዚየም ትታያለች።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው በትራባንት ሊስቅ ይችላል። ብዙዎች ስቀዋል። በእውነቱ ግን የሚያስቅ ነገር በመኪናይቱ ላይ የለም። ቆርቆሮ ባጡ ጊዜ ከጥጥ ውዳቂ ገላ የሠሩ፥ ገንዘብ ሲከለከሉ በሙከራ አዲስ ንድፍ ያወጡ ሠራተኞች ይመሰገናሉ እንጂ አይሳቅባቸውም።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው የተባለው ዕቃ በእውነቱ ርካሽ አልነበረም። የዋጋው አንዱ ክፍል በማርክ፥ ሌላው ክፍል በሰው ዕድሜ ይከፈል ነበር። ማርክ የተከፈለበት ደረሰኝ አለው፤ ዕድሜ የተከፈለበት ግን ደረሰኝ የለውም። ገንዘብ ቢጠፋ ሠርቶ መተካት ይቻላል፤ ከ18 እስከ 30 ያለውን ዓመት ግን የሚተካ ፋብሪካ በጽቪካውም ሆነ በሌላ ከተማ አልተሠራም።

ስለዚህ አንድ ነገር ሲታዘዝ፥ መኪናም ይሁን ቤት ወይም የውሃ መሥመር፥ «ዋጋው ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «መቼ ይደርሳል? ከኔ በፊት የሚያልፈውስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሚያዘውም፥ የሚያስተናግደውም ይህን ጥያቄ በግልጽ የሚመልስበት አገር ወረፋው ቢረዝም እንኳ ሰው ታግሦ ይጠብቃል። መልሱ የሚደበቅበት አገር ግን አጭሩም ወረፋ ይረዝማል።